ድምፅ አለ፣ ምስል የለም፦ «ፓኔሉ ሄዷል» የተባለ የአንድ ቴሌቪዥን ጉዳይ

በቴሌቪዥን ጥገና ሥራ «ፓኔሉ ሄዷል» (ምስሉ የሚታይበት መስታወት ራሱ ተበላሽቷል) የሚለውን ያህል ቶሎ የሚነገር ፍርድ የለም። ፍርዱ ከባድ ነው። የፓኔል ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም ስለማይርቅ፣ ይህን የሰማ ሰው ወይ ዕቃውን ለቆራሌው ይሰጣል ወይ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህን ጉዳይ የጻፍኩት ፍርዱ ሳይለካ ተሰጥቶ ስለነበር ነው። ሰዎቹንም ሱቆቹንም በስም አላነሳም።

ቤቱና ቴሌቪዥኑ

ቴሌቪዥኑ ባለ 43 ኢንች ኤልኢዲ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቁርስ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይሠራል። ጠዋት ፉልና እንቁላል መቅረብ ሲጀምር ይበራል። ማታ የአውሮፓ ኳስ ካለ እስከ ስድስት ሰዓት አይጠፋም። የቤቱ ባለቤት በዕድሜ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ቤታቸው የሚሞላው በምግቡ ብቻ ሳይሆን በኳሱም ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ መበላሸት ለእሳቸው የመዝናኛ ሳይሆን የገበያ ጉዳይ ነበር።

ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ ቀን ላይ ብርሃን በደንብ ይገባል። ደንበኞች «ደብዝዟል፣ አይታይም» እያሉ ስላስቸገሩ፣ አንድ ልጅ በሪሞት የምስል ሁነታውን «ቪቪድ» ላይ፣ ባክላይቱን (ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለውን መብራት) ደግሞ 100 ላይ አድርጎላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። የብልሽቱ ሥር እዚህ ላይ እንደሆነ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

ብልሽቱ እንዴት መጣ?

በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ሳንቲም የሚያክሉ ሁለት ነጫጭ ክቦች ታዩ። ዜና ሲታይ ብዙም አያስታውቁም፤ የኳስ ሜዳው አረንጓዴ ሲመጣ ግን ይጎላሉ። ቀጥሎ ምስሉ ወደ ሰማያዊነት እያደላ ሄደ። ሰው ሁሉ ብርድ የመታው ይመስል ጀመር። አንድ ማታ ደግሞ መብራት ሄዶ መጣ። ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱት ምስሉ ለአንድ ሰከንድ ያህል ብልጭ ብሎ ጨለመ። ድምፁ ግን ቀጠለ። ቻናል ሲቀየር ድምፁ አብሮ ይቀየራል። ከታች ያለው ቀይ መብራትም እንደ ወትሮው ይሠራል።

መጀመሪያ የተጠራው ዲሽ የሚሠራ ልጅ ነበር። ሪሲቨሩን ቀይሮ ሞከረ፣ የኤችዲኤምአይ ገመዱንም ቀየረ። ለውጥ የለም። ሁለተኛው ጠጋኝ ቴሌቪዥኑን ወስዶ ከፍቶ፣ ምስል አምጥቶ መለሰው። ምን እንዳደረገ አልተናገረም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ጥቂት ሳምንታት ሠርቶ እንደገና ጨለመ። ሦስተኛው ሱቅ ሲወሰድ ጀርባው ሳይከፈት «ፓኔሉ ሄዷል፣ አይድከሙበት» ተባሉ።

እኔ ዘንድ ሲመጡ ተስፋ ቆርጠው ነበር። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከሄደ ሄዷል በለኝ፤ እንዳታመላልሰኝ» አሉኝ።

ሳይከፈት የታወቀው

ብልሽት ፍለጋ በካቻቢቴ አይጀመርም። ጨዋታ በሚመስል ጥያቄ ይጀመራል። መቼ ጀመረ? ከመጥፋቱ በፊት ምን ታየ? ማን ከፈተው? እናቲቱ ስለ ነጫጭ ክቦቹና ስለ ሰማያዊነቱ ሲነግሩኝ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። እነዚህ ሁለቱ የፓኔል ሳይሆኑ የባክላይት ምልክቶች ናቸው።

ምክንያቱ ይህ ነው። «ኤልኢዲ ቲቪ» ብለን የምንገዛው አብዛኛው ዕቃ ኤልሲዲ ነው። ፊት ለፊት ያለው ፓኔል በራሱ አያበራም። ብርሃን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል፤ ሥራው ይኸው ነው። ብርሃኑን የሚሰጡት ከበስተጀርባ ስትሪፕ በሚባል ቀጭን ዘንግ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ኤልኢዲዎች ናቸው። የእያንዳንዱ ኤልኢዲ ፍሬ የሚያወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ነጭ የሚያደርገው ላዩ ላይ የተቀባው ቢጫ ፎስፈር ነው። ሙቀት ፎስፈሩን ሲበላው ሰማያዊው እየበዛ ይሄዳል። በኤልኢዲው አናት ላይ ደግሞ ብርሃኑን የሚበትን ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ተለጥፏል። የሌንሱ ማጣበቂያ በሙቀት ሲደርቅ ሌንሱ ይወድቃል፤ ብርሃኑ ሳይበተን አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። ነጫጮቹ ክቦች እነሱ ናቸው።

ፓኔሉ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ መብራት አጥፍተን መጋረጃ ዘጋን። ቴሌቪዥኑን ከፍተን የኳስ ቻናል ላይ አደረግነው። የስልኬን ፍላሽ ከስክሪኑ ሁለት ሦስት ጣት ያህል አርቄ በሰያፍ ያዝኩት። መጀመሪያ ጥቁር ብቻ ነበር። ፍላሹን ቀስ ብዬ ወደ ግራ ጥግ ሳንሸራትት የቻናሉ ምልክት ወጣ። ከሥሩ ውጤቱ የተጻፈበት ሳጥን ታየ። ወደ መሃል ስመልሰው ተጫዋቾቹ እንደ ጥላ ሲሮጡ ይታያሉ። እናቲቱ ጎንበስ ብለው አዩና «እንዴ! ሰዎቹ እኮ እዚያው አሉ!» አሉ።

በዚህች አንድ ሙከራ ብዙ ነገር ከተጠርጣሪነት ወጣ። ምስል ካለ፣ ምስሉን የሚያዘጋጀው ሜይን ቦርድ ይሠራል። ምስሉ ቅርጹን ከያዘ ቲ-ኮኑ (ምስሉን ለፓኔሉ የሚያከፋፍለው ትንሽ ቦርድ) እና ፓኔሉ ይሠራሉ። የጠፋው ከኋላ ያለው መብራት ብቻ ነው። ለዚህ ሙከራ ብሎን መፍታትም ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም። ሦስተኛው ሱቅ ይህን አለማድረጉ እስካሁን ይከነክነኛል።

መብራት ሄዶ መምጣቱስ? እናቲቱ ጥፋቱን ሁሉ እዚያ ላይ ጥለውት ነበር። የመብራት መወዛወዝ ቴሌቪዥን አይጎዳም አልልም። ግን ብዙውን ጊዜ የሚመታው መብራቱን የሚቀበለውን የፓወር ቦርድ መግቢያ ነው፤ ፊውዙን፣ የበዛ ቮልቴጅ የሚያፍነውን ቫሪስተር፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ትራንዚስተር። ያኔ ቀዩ መብራት ራሱ አይበራም። እዚህ ቤት ቀዩ መብራትም ድምፁም ደህና ነበሩ።

መለካት

የባክላይት ጨለማ ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል። ወይ ስትሪፑ ተቋርጧል፣ ወይ ስትሪፑን የሚመግበው ድራይቨር ሞቷል። ሁለቱ ከፊት ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው።

የኋላ ሽፋኑን ከፈትን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የ220 ቮልት መብራት ፓወር ቦርዱ ላይ ሲስተካከል ወደ 310 ቮልት ዲሲ ይሆናል። ትልቁ ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ይህን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በሬዚስተር ማራገፍና በቴስተር ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ይህን ያልለመደ ሰው ፍላሹ ላይ ይቁም፤ ሽፋኑን አይክፈት።

ይህ ሞዴል 3 ስትሪፕ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ 7 ኤልኢዲ። ሁሉም በተከታታይ የተገናኙ ስለሆኑ ከረንቱ በ21ዱም ውስጥ አልፎ ነው የሚመለሰው። አንዱ ከተቋረጠ ሁሉም ይጨልማል። እያንዳንዱ 3 ቮልት ገደማ ስለሚወስድ በጤናው ጊዜ የባክላይቱ መውጫ 63 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ቴስተሩን መውጫው ላይ አድርገን ቴሌቪዥኑን ስናበራው ቮልቴጁ በፍጥነት ወጣ፣ 80ን አለፈ፣ ከዚያ ወዲያው ወረደ።

ይህ የሞተ ድራይቨር ጠባይ አይደለም። ድራይቨሩ ከረንት እንዲፈስለት ቮልቴጁን ይገፋል። ከረንት አልፈስ ሲለው እስከ መከላከያው ጣሪያ ይወጣና ራሱን ይዘጋል። ምስሉ አንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ ይጨልም የነበረው በዚህ ነው፤ ሊቆረጥ ጫፍ ላይ ያለ ኤልኢዲ ለቅጽበት ያሳልፍና ይለቃል። አሁን ጨርሶ ተቆርጧል። ለማረጋገጥ የኤልኢዲ ስትሪፕ መፈተሻውን ቀጥታ የባክላይቱ ሶኬት ላይ ሰካነው። አንድም ኤልኢዲ አልበራም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ተወሰነ፤ ፓኔሉ ይነሳል።

ፓኔሉን ማንሳት

ከጠቅላላው ሥራ የሚያስፈራው ይህ ክፍል ነው። ደህናውን ፓኔል እውነትም «ሄዷል» ሊያሰኝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ከመስታወቱ ጠርዝ የሚወጡ ስስ ሪባኖች አሉ፤ መስታወቱን ከትንንሾቹ ቦርዶች ጋር የሚያገናኙ። ከወረቀት ብዙም አይወፍሩም። አንዱ ቢቀደድ ምስሉ ላይ መስመር ወይም ጨለማ ሰንጥቆ ይቀራል፤ በእጅ የሚጠገን አይደለም።

እኔና ረዳቴ ቴሌቪዥኑን በፊቱ አስተኝተን ቦርዶቹን የያዙትን ብሎኖች አስቀድመን ፈታን። ገልብጠን ፍሬሙን አነሳን። መስታወቱን ግራና ቀኝ ይዘን፣ ቦርዶቹ አብረው እንዲመጡ በናስትሮ ጠርዙ ላይ አስረን፣ በአንድ ላይ አነሳነው። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። 32 ኢንች ላይ ብቻውን የሚሠራ አለ፤ 43 ላይ ግን መስታወቱ በራሱ ክብደት ይጎብጣል።

ከመስታወቱ ሥር ብርሃን አሰራጭ ሉሆች አሉ። ቅደም ተከተላቸውና ፊታቸው መለወጥ የለበትም። እኛ ሳናነሳቸው በስልክ ፎቶ አነሳናቸው፤ ጥጋቸውን በእርሳስ ምልክት አደረግን። ያኔ የቀድሞው ሰው ሥራ መታየት ጀመረ። ከላይ ያለው ሉህ ቀኝ ጥጉ ላይ ታጥፎ ነበር፤ እጥፋቱ ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል።

ሉሆቹ ሲነሱ ታሪኩ ሁሉ ወለል አለ። መካከለኛው ስትሪፕ ላይ አንድ ኤልኢዲ ተነቅሎ ሁለቱ እግሮቹ በሽቦ ተገናኝተዋል። ሁለተኛው ጠጋኝ ያደረገው ይህን ነበር። የተቃጠለውን ዘልሎ ማለፍ። ሁለት ሌንሶች ወድቀው ታች ተንከባልለዋል። ከተዘለለው ኤልኢዲ ቀጥሎ ያለው ደግሞ መሃሉ ጠቁሯል፤ የተቆረጠው እሱ ነው። የቀሩትን አንድ በአንድ ስንፈትናቸው ብዙዎቹ በሩ፤ ግን ግማሾቹ ሰማያዊ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ደካሞች።

መዝለሉ ለምን እንዳልበረከተ ግልጽ ነው። 21 ኤልኢዲዎች አብረው፣ በአንድ ሙቀት፣ ለእኩል ሰዓት ሠርተዋል። አንዱ ሲሞት ሌሎቹም ተራ እየጠበቁ ነው። አንዱን ብቻ መቀየር ርካሽ ይመስላል፤ ግን ያን አደገኛ መስታወት በየጊዜው ማንሳት ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ስትሪፖች ለመቀየር ወሰንን። እናቲቱን ጠርተን ጥቁሩን ኤልኢዲ አሳየናቸው፤ ዋጋውንም ሥራው ሳይቀጥል ተስማማን።

የስትሪፕ ግዢው

ስትሪፕ ከመርካቶ አስመጣን። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ይህ ለሙያ ጓደኞቼ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅም ይመስለኛል። ርዝመቱ ልክ ነው። የኤልኢዲው ቁጥር 7 ነው። የብሎን ቀዳዳው ሁሉ ይገጥማል። ከመግጠማችን በፊት ግን አንዱን ኤልኢዲ ስንፈትነው ከ5 ቮልት በላይ እስኪደርስ አይበራም። ስትሪፑ ባለ 6 ቮልት ነበር።

ቢገጠም ምን ይሆን ነበር? 21 በ6 ሲባዛ 126 ቮልት ነው። የዚህ ቴሌቪዥን ድራይቨር ያን ያህል አይወጣም፤ 80ን ሲያልፍ ይዘጋል። ምስሉ ጨለማ ይሆናል። ጠጋኙም «አዲስ ስትሪፕ ገጥሜ እንኳ አልሠራም፤ ድራይቨሩ ነው» ብሎ ፓወር ቦርድ ፍለጋ ይወጣል። የተሳሳተ ዕቃ ከዋናው ብልሽት ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ሲያሳይ ሰው እንዲህ ይጠፋል።

ስትሪፑ ተመልሶ በድሮው ስትሪፕ ላይ በታተመው ኮድ ተፈልጎ ባለ 3 ቮልቱ ተገኘ። የሶኬቱን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከድሮው ጋር አመሳከርን። የድሮውን የሙቀት ማጣበቂያ ከብረቱ ላይ አጽድተን በአዲስ ለጠፍን። ስትሪፑ ብረቱ ላይ በደንብ ካልተኛ ሙቀቱ መውጫ አያገኝም። ሉሆቹ ከመመለሳቸው በፊት አብርተን 21ዱም እኩል መብራታቸውን አየን።

ከረንቱን መቀነስ

እዚህ ላይ ሥራውን ዘግቶ መስጠት ይቻል ነበር። ግን ስትሪፑ የሞተበት ምክንያት ገና አልተነካም። ቴስተሩን በተከታታይ አስገብተን ስንለካ፣ ባክላይት 100 ላይ ሲሆን 450 ሚሊ አምፒር ይፈሳል። ባለ 3 ቮልት፣ ባለ 1 ዋት ኤልኢዲ ወደ 350 ሲጠጋ ዋቱን ሞልቷል። ይህ ቴሌቪዥን ግን ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት በ450 ሲነዳ ነው የኖረው።

ድራይቨሩ ከረንቱን የሚቆጣጠረው በትናንሽ ሬዚስተሮች ነው። በዚህ ቦርድ ላይ እኩል ዋጋ ያላቸው ሦስት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ተያይዘዋል። አንዱን ስናነሳው ከረንቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 300 ወረደ። የስትሪፖቹ ጉልበት ከ28 ዋት ወደ 19 ገደማ ወረደ ማለት ነው። ብርሃኑ ቀንሷል፤ ጎን ለጎን ሌላ ቴሌቪዥን ካልተቀመጠ ግን ዓይን ብዙም አይለየውም። ይህን ሁሉም ቦርድ ላይ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ሬዚስተሮቹ የት እንዳሉ ማወቅና ከመንቀልም በፊት ከነቀሉም በኋላ መለካት ያስፈልጋል።

ምንም ሳይከፈት በሪሞት የሚደረገው ግን ለሁሉም ይሆናል። ሁነታውን ከ«ቪቪድ» ወደ «ስታንዳርድ» መለስነው፤ ባክላይቱን 60 ላይ አደረግነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ብራይትነስ» የሚለውን ይቀንስና ተገላገልኩ ይላል። በብዙ ሞዴሎች ብራይትነስ የሚነካው የጥቁሩን ጥቁረት ነው፤ ኤልኢዲዎቹ ያው በሙሉ ኃይላቸው ይነዳሉ። የሚያሳርፋቸው «ባክላይት» የሚለው ነው። አንዳንዱ ሞዴል ላይ በሌላ ስም ይመጣል፤ ሲቀነስ ጥቁሩም ነጩም አብረው ከደበዘዙ እሱ ነው።

ያልተስተካከለው

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። የታጠፈው ሉህ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ነጭ ነገር ሲታይ፣ ቀጭን ጥላ ያሳያል። በእጅ ማሻሸትም በሁለት መስታወት መሃል ማስተኛትም አልረዳውም። የዚህ ሞዴል ሉህ ለብቻው ገበያ ላይ አላገኘንም። ለእናቲቱ አሳይተን ነው ያስረከብነው። «ኳሱ እስከታየ ድረስ ጥላው አይከፋኝም» አሉ።

የቀን ብርሃኑም ችግር አልተፈታም። ቴሌቪዥኑ ከበሩ ትይዩ እስካለ ድረስ ደንበኛው «ጨምሩት» ማለቱ አይቀርም። የጎን ግድግዳው ላይ እንዲሰቅሉት መከርናቸው፤ ሰቀሉት። ከተሰቀለ በኋላ ሄጄ ስለካው ባክላይቱ 60 ላይ ነው፤ የኋላ ሽፋኑም እጅ ሲነካው ለብ ያለ ብቻ ነው።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

ለቴሌቪዥን ባለቤት የምለው መጀመሪያ ፍላሹን ነው። ድምፅ ካለና ምስል ከሌለ፣ በጨለማ ክፍል ፍላሽ አስጠግታችሁ እዩ። ጥላ ከታያችሁ «ፓኔሉ ሄዷል» የሚላችሁን ሰው ያያችሁትን አሳዩት። ጠጋኝ ሲመልስላችሁ ደግሞ ምን እንደቀየረ ጠይቁ፤ የወጣውንም ዕቃ ተቀበሉ። እናቲቱ ይህን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ «አንድ ኤልኢዲ ዘለልኩ» የሚለው መልስ ሁለተኛውን ጨለማ አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር። ነጭ ክብ ወይም ሰማያዊነት ስታዩም ባክላይቱን ቀንሱ፤ መጥፋቱን አያስቀርም፣ ጊዜ ግን ይሰጣል።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ኮዱን ሳታዩ ስትሪፕ አትግዙ፤ ቮልቱን ሳትለኩ አትግጠሙ። አንዱን ዘልሎ መስጠት ደንበኛው ገንዘብ ከሌለውና ነገሩ ከተነገረው ነውር የለበትም። ሳይነገረው ሲሆን ነው ችግሩ።

ፍላሹ ጥላ ካላሳየ መንገዱ ሌላ ነው። ያኔ ወደ ቲ-ኮን፣ ወደ ሜይን ቦርድና ወደሚያገናኛቸው ገመድ ነው የሚኬደው። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር አብዛኛውን ጊዜ የመስታወቱ ጠርዝ ሪባን ነው፤ እዚያ ላይ «ፓኔል» ማለት ያስኬዳል። ምስሉ ገረጥቶ ወይም ቀለሙ ተገልብጦ የሰው ፊት እንደ ካርታ ከተከፋፈለ ግን ከመፍረድ በፊት ቲ-ኮኑ የሚያወጣቸውን ቮልቴጆች መለካት ይገባል። ግማሹ ስክሪን ብቻ ከጠፋም ወደዚያ ጎን የሚሄደውን ጠፍጣፋ ገመድ ነቅሎ፣ ጫፉን አጽድቶ መልሶ መሰካት አለ። ሪሲቨሩ ይሁን ቴሌቪዥኑ ለመለየትም በሪሞቱ የቴሌቪዥኑን የራሱን ሜኑ ክፈቱ። ሜኑው ጥርት ብሎ ምስሉ ብቻ ከተበላሸ፣ ያኔ ዲሽ የሚሠራውን ልጅ ጥሩት።